ወረቀት ፊት የለውም

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ፣ ወንድምዓለም? ጉልበትህስ? ባለፈው ደብዳቤህ ስለ ጣሪያህ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ጎረቤትህ ድመት አንድ ገጽ ሙሉ ከጻፍክ በኋላ፣ ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል «ጉልበቴን አልፎ አልፎ ያመኛል» ብለህ ሸሽገሃታል። እኔ ደግሞ ያንተን ደብዳቤ ከጥጉ ነው ማንበብ የምጀምረው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ እንጨት የሚልግ ሰው ጉልበቱን ቢያመው አይገርምም፤ ቢሆንም ሂድና ታይ፤ «ይተወኛል» እያልክ አትቀመጥ። እኔ ደህና ነኝ። የሠራህልኝ ቁም ሣጥንም ደህና ነው፤ የግራ በሩ ብቻ ዝናብ ሲመጣ እንዳኮረፈ ሰው አልከፈትም ይላል።

ይህን ደብዳቤ ስጀምረው አራተኛዬ ነው። ሦስቱን ቀድጃቸዋለሁ። በእኔና በአንተ መካከል በዓመት ሁለት ጊዜ የሚመላለሰው ወረቀት የአየር ሁኔታ ዘገባ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ሌላ ነገር ለመጻፍ እጄ ልማድ የለውም። ዛሬ ግን ቢጣመምም እስከ መጨረሻው እሄዳለሁ።

መጀመሪያ ውሸቴን ልንገርህ። ባለፉት አራት ደብዳቤዎች «ሥራ ደህና ነው» ብዬሃለሁ። ሥራውስ ደህና ነው፤ እኔ ነኝ የሌለሁበት። ከመድን ድርጅቱ ከተቀነስኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ወሬውን ከእኔ በፊት የበሩ ዘበኛ ሰምቶት ኖሮ፣ ያን ቀን ጠዋት ቦርሳዬን እየፈተሸ «አይዞሽ እህቴ፣ ይኼም ያልፋል» አለኝ። ይኼ ሰውዬ ምን ሆኗል እያልኩ ገባሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ፖስታው ጠበቀኝ። ሃያ አንድ ዓመት የሰው ስልክ ሳገናኝ የኖርኩባትን፣ ያቺን ከደረጃው ሥር ያለች መስኮት የሌላት ክፍል ሊዘጓት ነው። ከእንግዲህ ስልኩን የሚያነሳው ማሽን ነው።

የመጨረሻዋን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍኩ ብነግርህ ትስቃለህ። ለሚተካኝ ማሽን ድምፄን ስሰጥ! አንተ ደውለህ አታውቅምና ላስረዳህ፤ «ለካሳ ክፍል አንድን ይጫኑ፤ ለውል ክፍል ሁለትን ይጫኑ፤ እባክዎ ይታገሡ» የሚል ነገር ነው። «እባክዎ ይታገሡ»ን ብቻ አሥራ አራት ጊዜ አስደገሙኝ፤ ትዕግሥት አይሰማበትም ብለው። ከወጣሁ ከወር በኋላ ናፍቆኝ ደወልኩ። እኔው አነሳሁት፤ እንድታገሥም ለራሴ ነገርኩ። ታገሥኩ። ማንም አልመጣም።

ለተቀነስነው ሰባት ሰዎች የሥራ አማካሪ ጠርተውልን ነበር። ቀሚሷ ላይ ስሟን የለጠፈች ደግ ልጅ ናት። «በጣም የሚችሉት ነገር ምንድን ነው?» የሚል ቅጽ አደለችን። የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ ግማሽ ሰዓት አሰበ፤ እኔ ወዲያው «መናገር» ብዬ ጻፍኩ። በዚያው ለአንድ ባንክ የደንበኞች ስልክ ክፍል ጠቆመችኝ። ተፈተንኩ፤ ድምፅሽ ማር ነው ተባልኩ፤ ሰኞ ጀምሪ ተባልኩ። የቀረኝ የጤና ምርመራ ወረቀት ብቻ ነበር።

ለዚያች ወረቀት ሐሙስ ዕለት ሆስፒታል ሄድኩ። ካርድ ክፍሉ ፊት ተሰልፈን ሳለ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ከፍ የምትል ሴት መጣች። ባሏን አሁን በአልጋ እየገፉ ወደ ውስጥ አስገብተውባታል፤ ይህን ያወቅሁት የወንድ ጫማ በደረቷ አቅፋ ስለነበር ነው። ጫማውን ብብቷ ሥር ወተፈችና በእጇ መናገር ጀመረች። ሠራተኛው በአፉ መለሰላት፤ እንዳልሰማች ሲያይ ጮኸ፤ ሲብስበት ደግሞ ቃሉን ቆራርጦ ጮኸ፤ እንዲያ የሚገባት ይመስል። ሰልፈኛውም አንዳንድ ምክር ጣል አደረገ፤ ሁሉም በአፉ። በመጨረሻ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈና እጆቿን አነሳችልኝ። እኔም ያንተ እህት አይደለሁ? እጄን አነሳሁ።

ምን እንዳልኳት ታውቃለህ? የማውቃት ምልክት አንዲት ናት። መዳፌን ወደ ፊት ገፋ አደረግሁ። በኋላ።

ፊቷ እንዴት እንደሆነ መጻፍ አያስፈልገኝም። አንተ ታውቀዋለህ፤ ቤታችን ውስጥ ስንት ዓመት ለብሰኸዋል። እራት ላይ ሁላችን ስንስቅ ክንዴን ነካ አድርገህ «ምን አሉ?» ስትለኝ፣ በኋላ። አባባ ሲቆጣ ማንን እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ በኋላ። ሬድዮው ቤቱን ሁሉ ሲያስለቅስ፣ በኋላ። እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ቤትህ ድረስ ሄዳ የምልክት ቋንቋ ስትማር፣ እኔ መጀመሪያ ጥናት አለብኝ፣ ቀጥሎ ሥራ አለብኝ እያልኩ አንድም ቀን አብሬያት አልሄድኩም። ለጓደኞችህ ስለ እኔ ስታወራ በዚያች ምልክት እንደምትጠራኝ፣ ስሜን «በኋላ» እንዳልከኝ እማዬ ነግራኛለች። ሳቅ ብዬ አለፍኩት።

አንተም ብትሆን አንድ ቀን እንኳ ቁጭ አድርገህ አላስተማርከኝም ብዬ ልወቅስህ አስቤ ነበር። ጽፌው ሳበቃ ትዝ አለኝ። ስምንት ዓመትህ ነበር፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ጣቶቼን አንድ በአንድ እያጠፍክ ታስተምረኝ ጀምረህ ነበር። ስልክ ጮኸና ተነሣሁ።

ሰኞ ባንኩ አልሄድኩም። አከራዬ ይህን ስትሰማ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እያለች ሦስት ቀን ተረተችብኝ። እውነቷን ነው። በአርባ አራት ዓመቷ አስተርጓሚ እሆናለሁ ብላ ደብተርና እርሳስ የገዛች ሴት ባይ እኔም እተርትባት ነበር። ጠዋት ጠዋት ስማር፣ ከሰዓት በኋላ ላውንደሪ ቤት ልብስ ስቀበል ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው።

መምህራችን እንዳንተው የማይሰሙ፣ መዳፋቸው አካፋ የሚያህል ሽማግሌ ናቸው። ሲጠሩን ጠረጴዛውን ይመቱታል፤ ክርናችን ይሰማዋል። ሕጋቸው አንድ ነው፤ ድምፅ ያወጣ ሰሌዳ ያጠፋል። የመጀመሪያውን ወር ሰሌዳ ያጠፋሁት እኔ ብቻ ነኝ። እሳቸው አይሰሙም፤ የምታሳብቅብኝ አጠገቤ የምትቀመጠው ነርስ ናት። አንድ ቀን መምህሩ ሲያስነጥሳቸው እንኳ «ይማርዎ» ብዬ ሰሌዳ አጥፍቻለሁ። ደግሞ ሌላ ጣጣ አለብኝ። «እጅሽ ደህና እየመጣ ነው፤ ፊትሽ ግን ተኝቷል» ይሉኛል። ሃያ አንድ ዓመት በድምፄ ብቻ ፈገግ ስል ፊቴን ያየው ግድግዳው ነው፤ ምን ያድርግ፣ አንቀላፋ።

በሁለተኛው ወር ስም የምንቀበልበት ቀን መጣ። መምህሩ እያንዳንዳችንን ትክ ብለው እያዩ የምልክት ስም ያወጣሉ፤ ነርሷን በጉንጯ ስርጉድ ጠሯት። እኔ ጋ ሲደርሱ ስም አለኝ አልኳቸው፤ ወንድሜ ያወጣልኝ። እስቲ አሳዪን አሉኝ። መዳፌን ወደ ፊት ገፋ አደረግሁ።

የሚስቁብኝ መስሎኝ ነበር። መምህሩ አልሳቁም። እንዲገባኝ እጃቸውን እያዘገዩ «እኛም ቤት አራት ሰው በዚህ ስም ይጠራል» አሉኝ። ከዚያ አዲስ ስም ሊሰጡኝ አሰቡ። እኔ ግን እምቢ አልኩ። ያወጣው ሰው በሕይወት እያለ ሌላ ሰው አይቀይረውም አልኳቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። ሦስቱ ደብዳቤዎች የተቀደዱት እዚህ ላይ ነው።

ያን ቀን እማዬ በተኛችበት ሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ አንተ አግዳሚው ላይ ተቀምጠህ ኮፍያህን ታጥፋለህ፣ ትዘረጋለህ። አንድ ሰው ብቻ ይግባ ስላሉ እኔ ገባሁ። እማዬ ከታመመች ወዲህ ቀኝ እጇ አልታዘዝ እንዳላት ታስታውሳለህ፤ ግራዋ ላይ ደግሞ ግሉኮስ ተሰክቷል። አፏ ግን ደህና ነበር፤ አእምሮዋም። ለእኔ ያለችኝ ጥቂት ነው። የቀረው ሁሉ ያንተ ነበር። «እጄ እምቢ አለኝ፤ አንቺ በእጅሽ ንገሪልኝ» አለችኝ። ልጻፍለት ብላት አልተቀበለችኝም። «በወረቀት እንዳትሰጪው። ወረቀት ፊት የለውም። ስትነግሪው ፊትሽን ይየው» አለች። እሺ አልኳት። ማይልኝ አለችኝ፤ ማልኩላት።

አስታማሚ ይውጣ ተባለና ወጣሁ። ብድግ ብለህ «ምን አለች?» አልከኝ። የምነግርህ ነገር ጉሮሮዬ ድረስ ሞልቶ፣ እጄ ላይ ግን አንዲት ቃል አልነበረችም። መዳፌን ወደ ፊት ገፋሁት። በሩ እንደገና ሲከፈት የወጣው ሐኪሙ ነበር፤ የእሱን ፊት ማንም ሳያስተረጉምልህ አነበብከው።

በቀብሯ ማግስት በቁራጭ ወረቀት «ስለ እኔ ምንም አላለችም፣ አይደል?» ብለህ ጻፍክልኝ። እኔም ከሥሩ «ደክሟት ነበር» ብዬ ጻፍኩ። በሳምንቱ ዕቃህን ጠቅልለህ ከከተማው ወጣህ።

ውሸት ነው፣ ወንድሜ። ተናግራለች። እስትንፋስ እያጠራት፣ እያረፈች፣ ስለ አንተ ተናግራለች። አፍሬ ነው የደበቅሁህ። ለወንድሟ የሚሆን እጅ የሌላት እህት መሆኔን ከምናዘዝ፣ እናትህ ረስታህ እንደሄደች እያሰብክ እንድትኖር ፈረድኩብህ። ይህን ስጽፍልህ ይቅር በለኝ ለማለት እንኳ ፊት የለኝም።

የእማዬ ቃል በእጅ ሲሆን አጭር ነው፤ ሰባት ምልክት። ሁለተኛዋ ያንተ ስም ናት፣ እማዬ እንዳወጣችልህ፣ ቅንድብህ ላይ ባለችው ጠባሳ። በየጠዋቱ የቁም ሣጥንህ መስታወት ፊት ቆሜ እለማመዳታለሁ። መጀመሪያ የሚያስቸግረኝ እጄ ነበር፤ አሁን ፊቴ ነው፤ ነቅቶ አልተኛ ብሏል። አንድ ቀን ነርሷ ደብተሯን ልትወስድ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ኖሮ እስክጨርስ አየችኝ። ዘወር ስል ለማን ነው ብላ አልጠየቀችኝም። ሁለቱን እጆቼን ይዛ ሳመቻቸው።

ባለፈው ሳምንት ምስክር ወረቀቴን ተቀብያለሁ። ያው ሆስፒታል ቀጥሮኛል፤ በሚመጣው ወር እጀምራለሁ፤ ወንበሬም ካርድ ክፍሉ አጠገብ ነው። ባለ ጫማዋን ሴትዮ ደግሜ አላየኋትም። ብትመጣ አውቃታለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ያደረ ሥራ አለብኝ።

የፊታችን ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። የበርህን ቁልፍ ሲጫኑት ውስጥ መብራት ብልጭ ይላል ብለኸኝ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ብልጭ ካለ እኔ ነኝ። ባትከፍትልኝ አልቀየምህም፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሜ እጫነዋለሁ። ከከፈትክልኝ ግን አፌን አልከፍትም፤ እስክሪብቶም አልይዝም። ብርሃኑ ወዳለበት አስቀምጠኝና ፊቴን እይ። ስሳሳት አርመኝ፤ ግን አታቋርጠኝ፣ ቃሉ የእማዬ ነው። እሱን ካደረስኩ በኋላ እራት ላይ ምን ብለን እንደሳቅን የማስታውሰውን ሁሉ እነግርሃለሁ። አብዛኛው እንኳ የሚያስቅ አልነበረም፤ ያባባ የድሮ ቀልድ ነው።

እስከዚያው ጉልበትህን ይማርልህ። ጣቶችህን ከመጋዝ ይጠብቅልህ። የእናታችን ምርቃት ከደጅህ አይራቅ፤ መንገዴንም ያቅናልኝ።

ሌላ ስም እስክታወጣላት ድረስ
ያቺው እህትህ