ስለሌለኝ የውኃ ፓምፕና ስላለኝ የእንቅልፍ ጭምብል

ለክቡር አቶ ወልደገብርኤል
የብሎካችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ልደታ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 2006 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ በሌለኝ ፓምፕ ምክንያት ማታ ማታ የሚወርደው ብሬከር እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

እጅግ የማከብርዎ አቶ ወልደገብርኤል፣

እርስዎና መላው ቤተሰብዎ፣ የኮሚቴው አባላት፣ እንዲሁም ኮሚቴው በየደረጃው ላይ ያሰማራቸው ጆሮዎች ሁሉ ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ አላህ ይመስገን ደህና ነኝ። ብቻ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ሦስት ጊዜ እንቅልፍ ጥሎኝ ግንባሬ ወረቀቱን ስለመታ፣ በመሐል የተንጋደደ ፊደል ቢያገኙ ንቀት ሳይሆን እንቅልፍ መሆኑን እንዲረዱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

በአደባባይ መጻፌም ድፍረት እንዳይመስልብኝ። እናንተ ለእኔ የጻፋችሁትን በመግቢያው በር ላይ፣ የውኃ ተራ ከሚለጠፍበት ሰሌዳ ጎን ለጥፋችሁ ለአምስት ፎቅ ሕዝብ ስላስነበባችሁልኝ፣ መልሱም እዚያው ቢሆን ለአንባቢው ይቀለዋል ብዬ ነው። ሙደሲር ሙሐመድ ብላችሁ ስሜን ከነአባቴ፣ ከነቤት ቁጥሬ በወፍራም እስክርቢቶ ስለጻፋችሁልኝም አመሰግናለሁ። በዚህ ብሎክ ሦስት ዓመት ስኖር እንዲህ ታዋቂ ሆኜ አላውቅም።

ነገሩን ለማያውቅ አላፊ አግዳሚ ባጭሩ ላስረዳ። እኔ የትምህርት ቤት ሰርቪስ ሹፌር ነኝ፤ በየጠዋቱ አሥራ አራት ልጆች ይዤ አብነት ሰፈር ወዳለው ትምህርት ቤታቸው እወርዳለሁ። ተኝቼ ትንፋሼ የሚቋረጥ በሽታ አለብኝ። እንቅልፍ ሲወስደኝ ጉሮሮዬ ይዘጋል፣ ትንፋሼ ይቆማል፣ ውኃ እንደበላው ሰው አየር ስቤ እባንናለሁ፣ ደግሞ እተኛለሁ፤ ሐኪሙ በሰዓት አርባ ጊዜ ነው ብሎኛል። ለዓመታት ሌሊቱን ሙሉ የተኛሁ ይመስለኝ ነበር እንጂ ተኝቼ አላውቅም ነበር፤ ቀን መሪ ይዤ ዓይኔ ይከደናል። ለዚህ የታዘዘልኝ ክኒን አይደለም። አፍንጫና አፍ ላይ በሚታሰር ጭምብል በኩል አየር እየገፋ፣ ጉሮሮዬን ከፍቶ የሚያድር ትንሽ ማሽን ነው። እህቴ አማል ከዱባይ ላከችልኝ።

ኮሚቴያችን የዚህን ማሽን ድምፅ ሰምቶ የውኃ ፓምፕ ነው አለ። በብሎካችን ውኃ በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ ስለሚመጣና ፓምፕ የደበቀ ሰው የላይኞቹን ፎቆች ጄሪካን ባዶ ስለሚያስቀር፣ ቁጣው ይገባኛል፤ እኔም ፓምፕ ያለው ሰው ባገኝ አልምረውም። እናም ፓምፑን በፈቃዴ እስካስረክብ ድረስ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጥበቃችን ዋቅሹማ ታች ካለው የቆጣሪ ክፍል ብሬከሬን እንዲያወርድ ተወሰነ። ዛሬ ዘጠነኛ ሌሊቴ ነው። የማስረክበው ፓምፕ ደግሞ የለኝም። እንግዲህ ክሶቹን በቀረቡበት ተራ ልመልስ።

1ኛ. “ከመኝታ ቤቱ ሌሊት የሞተር ድምፅና ፉጨት ይሰማል” የሚለው። ትክክል ነው፣ ይሰማ ነበር። ሦስት የኮሚቴ አባላት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ኮሪደር ላይ ቆመው ጆሯቸውን በሬ ላይ ለጥፈው እንደነበር በቃለ ጉባኤው ማንበቤ ልቤን ነክቶታል። በእኔ እንቅልፍ ምክንያት የራሳቸውን እንቅልፍ ያጡ ባለሥልጣናት ከዚህ በፊት አጋጥመውኝ አያውቁም።

ማሽኑ ግን ከፍሪጅ ያነሰ ድምፅ ነው ያለው፤ የሚያፏጨው ጭምብሉ ነው። ሲሠራ የማን ፊት ታስቦ እንደሆነ አላውቅም፣ የእኔ አለመሆኑን ግን ደርሼበታለሁ። ማሰሪያውን ሳጠብቀው የአፍንጫዬን ቆዳ ይልጠዋል፣ ጉንጬም ላይ መስመር ትቶ ያድራልና ልጆቹ ጠዋት ማን እንደመታኝ ይጠይቁኛል። ሳላላው ደግሞ አየሩ በጎን እያመለጠ አንድ ጊዜ ዓይኔ ውስጥ፣ አንድ ጊዜ ባለቤቴ ማጅራት ላይ ይነፋል። ባለቤቴን ነጅማን ታውቋታላችሁ፤ ታክሲ ውስጥ አንድ ጣት የምታህል መስኮት ከተከፈተች ንፋስ መታኝ ብላ ረዳቱን መግቢያ መውጫ የምታሳጣ ሴት ናት። እሷን ነው እንግዲህ ሐኪሙ ዕድሜ ልክሽን ከሚነፍስ ባል ጋር ተኚ ያላት።

በመጀመሪያው ወር ጭምብሉን በእንቅልፍ ልቤ እየፈታሁ እወረውረው ነበር። ጠዋት አልጋ ሥር፣ አንድ ቀን እንዲያውም ነጅማ ጫማ ውስጥ አግኝተነዋል። ሆዴ በአየር ተነፍቶ ቁርስ ላይ እንግዳ ፊት አግስቼ አፍሬአለሁ። አፌ ደርቆ ምላሴ ከላንቃዬ ስለሚጣበቅ፣ ደህና አደርሽ ለማለት መጀመሪያ ውኃ መጠጣት ነበረብኝ። በኋላ ነጅማ ከልጅ ካልሲ ለስላሳ ቁራጭ አውጥታ ከማሰሪያው ሥር ሰፋችልኝ፤ ፉጨቱም ቆመ። በዚያ ሌሊት ስድስት ሰዓት ሙሉ ሳልባንን ተኛሁ። ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ይህን አልደብቅም። ስንት ዓመት ሲደክመኝ ኖሬ፣ ድካም ማለት እኔ ራሴ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ብሬከሬን አወረዳችሁት።

2ኛ. “በቱቦ ውኃ ሲንቆረቆር ተሰምቷል” የሚለው። ይህም እውነት ነው። ጉሮሮ እንዳይደርቅ ማሽኑ ውስጥ ውኃ ይደረጋል፤ መጠኑ አንድ ብርጭቆ ነው፣ እሱንም በፕላስቲክ የታሸገውን ከሱቅ ነው የማመጣው። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ቱቦው ውስጥ ወደ ውኃ ይለወጥና እየተንቆረቆረ ወርዶ አፍንጫዬ ውስጥ ይገባል። በዚህ ብሎክ ያለ ተራው ውኃ የሚደርሰው ሰው እኔ ነኝ ከተባለ አልክድም። ነጅማ ቱቦውን በአሮጌ ሹራብ እጅጌ ስላለበሰችው ይህም ቀርቶ ነበር።

3ኛ. “ጢሙን ተላጭቶ መልኩን ቀይሯል፣ ፊቱንም ሸፍኖ በኬሚካል ይሠራል” የሚለው። ጢሜን ከሠርጌ ጀምሮ ያሳደግኩት ነበር። ጭምብሉ ጢም ላይ አልቀመጥ ስላለ ተላጨሁት፤ መስጊድ ውስጥ አጠገቤ የሚሰግዱ ወዳጆቼ ለአንድ ሳምንት አላወቁኝም። ኮሚቴው ግን ወዲያው አውቆኛልና ለንቃቱ ምስጋና ይገባዋል። ፊቴን የሸፈንኩትም ሐኪሙ እንድለምደው ቀን ቴሌቪዥን እያየህ አድርገው ስላለኝ ነው። ዋቅሹማ የውኃ ተራ ሊነግረኝ ሲያንኳኳ፣ ማድረጌን ረስቼ ቱቦው እስከ ጉልበቴ ተንጠልጥሎ ከፈትኩለት። ያ ጎበዝ ሰው ሁለት ፎቅ በሩጫ ወረደ። አልፈርድበትም፤ እኔም መስታወት ፊት ስቆም መሮጥ ያምረኛል።

4ኛ. “ብሬከሩ ከወረደበት ጊዜ ወዲህ በቂም ተነሣስቶ ሌሊት ግድግዳ ይደበድባል” ተብሎ ትናንት የተለጠፈው። ስለዚህኛው ከፊርማዬ በታች እመለስበታለሁ።

ማሽኑን ለምን አላሳየም የሚል ነዋሪ እንዳይኖር ደግሞ ይህን ልጨምር። ማሽኑን በዘንቢል፣ የሐኪሙን ወረቀት በኪሴ ይዤ ስብሰባችሁ ላይ ቀርቤ ነበር። በክብር ተቀብላችሁ አስቀመጣችሁኝ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ተተርጉሞ፣ ትርጉሙም ማኅተም ተመቶበት እንዲመጣ፣ ማሽኑ ደግሞ በቴክኒክ ንዑስ ኮሚቴ እንዲታይ ወሰናችሁ። ንዑስ ኮሚቴው ገና አለመቋቋሙን የተረዳሁት እንዲያየው ስፈልገው ነው። ለማውረድ አንድ ጣት የበቃው ብሬከር፣ ለመመለስ ንዑስ ኮሚቴ ማስፈለጉ የአሠራራችሁን ጥንቃቄ ያሳያል።

አሁን ቀልዱን ትቼ አንድ ነገር ልንገርዎ። ማክሰኞ ጠዋት ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ የትራፊክ መብራቱ ጋ ቀይ በርቶ ቆምኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ከኋላዬ ያለው መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ነው። እግሬ ከፍሬኑ ተነሥቶ መኪናዋ እየተንሸራተተች ዜብራውን አልፋ ነበር። ዜብራው ላይ ሰው አልነበረም፤ ባይኖር ነው እንጂ ቢኖር ኖሮ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከሌላ ቦታ ነበር። አሥራ አራቱም ልጆች ሳቁ። ከሁሉ በላይ የሳቀችው ሁልጊዜ ከኋላዬ የምትቀመጠው የእርስዎ የልጅ ልጅ ናት፤ ጋሼ ሙደሲር አንኮራፋ እያለች ለሌሎቹ ታስመስልላቸው ነበር። እኔ አልሳቅኩም። ዳር ይዤ ቆምኩና የሥራ ጓደኛዬን ሰላሃዲንን ጠርቼ ልጆቹን አስረከብኩት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪናዋ ግቢ ቆማለች። ሌሊት ሳልተኛ ቀን የሰው ልጆች አልጭንም። ሰላሃዲንም የራሱ ልጆች ስላሉት በየቀኑ አይመጣልኝም። ከትናንት ወዲያ የልጅ ልጅዎን ቦርሳ በትከሻዎ አንግተው በእግር ወደ አብነት ሲወርዱ በመስኮት አይቼዎታለሁ። መራመድ ለጤና ጥሩ ነው ይላሉ፤ ለዚህ ዕድል ኮሚቴውን እንደሚያመሰግኑልኝ አልጠራጠርም።

የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ብሬከሩ ዛሬ ማታ ሳይወርድ ይደር። የቀረውን፣ ማኅተሙንም፣ ንዑስ ኮሚቴውንም፣ የጢሜንም ጉዳይ ለማጣራት ዓመትም ብትወስዱ እኔ ተኝቼ እጠብቃለሁ።

ለምታደርጉት ሁሉ፣ ይልቁንም ለማታደርጉት፣ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ለኮሚቴው ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎም ሙሉ ጤንነት የምመኝ፣

አክባሪዎ፣ ጎረቤትዎና ተከሳሽዎ
ሙደሲር ሙሐመድ
(ፊርማ፣ በአንድ ዓይን)

ግልባጭ፦
— ለጥበቃችን ለዋቅሹማ፣ ለመረጃና ብሬከሩን እንዲያነሣ
— ገና ላልተቋቋመው የቴክኒክ ንዑስ ኮሚቴ፣ ሲቋቋም

ከፊርማ በታች፦ ስለ ግድግዳው። እንደሚያውቁት የእርስዎ መኝታ ቤትና የእኔ የሚለያዩት በአንድ ግድግዳ ነው። ማሽኔ ሲሠራ እኔም እተኛ ስለነበር ምንም አልሰማም ነበር፤ እናንተ ጸጥ ካሰኛችሁት ወዲህ ትራስ ተደግፌ ስቀመጥ ሁሉንም እሰማለሁ። ሲያንኮራፉ ይሰማኛል፤ እሱስ ባልከፋ። ከዚያ ድንገት ጸጥ ይላሉ። ይህን ጸጥታ ነጅማ ስትነግረኝ ኖራለች፣ እኔ ግን ከውጭ ስሰማው ገና አሁን ነው፤ እንዴት እንደሚያስፈራ አላውቅም ነበር። እቆጥራለሁ። ሃያ አምስት ስደርስ በነጠላ ጫማዬ ግድግዳውን እመታለሁ፣ እርስዎም አየር ስበው ይባንናሉ፤ ከዚያም ቂመኛ ጎረቤት ቀሰቀሰኝ ብለው ይራገማሉ፣ እሱንም እሰማለሁ። ትናንት ሌሊት አሥራ ሰባት ጊዜ መትቻለሁ። ይህን ለብቻዎ በፖስታ ልጽፍልዎ ነበር፤ ነገር ግን የሰው ሌሊት በሰሌዳ ላይ እንደሚለጠፍ ከእናንተ ተምሬአለሁ። የሐኪሙን አድራሻ በበርዎ ሥር አስገብቼልዎታለሁ፤ ብሬከሬ ከተመለሰ እኔ ስለምተኛ ግድግዳውን የሚመታልዎት ሰው አይኖርምና ባይዘገዩ ይሻላል። ማሽኑ የታዘዘልዎ ቀን ጭምብሉን እንዴት እንደሚያስሩት መጥቼ አሳይዎታለሁ፣ ነጅማም ካልሲውን ትሰፋልዎታለች። ብቻ ፓምፕ ነው እንዳይባልብዎ፣ አስቀድመው ለራስዎ ማመልከቻ ያስገቡ።