ሰላምታ የበላው ሦስት ደቂቃ

ለውድ ወንድሜ ለካሳዬ፣
አሰብ

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? የአሰብ ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ መታሰቢያ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ ግን ደህና ነን አልልህም። ሰላምታዬንም በዚሁ ላሳጥረው፤ ያቃጠለኝ ሰላምታ ነውና።

ሐሙስ እንድንነጋገር የቀጠርክበት የስልክ ጥሪ ወረቀት ማክሰኞ ደረሰን። ሐሙስ ከእናታችን ጋር በአውቶቡስ ወልድያ ሄደን ስልክ ቤት እስከ ስምንት ሰዓት ተራ ጠበቅን። መንገዱን ሙሉ ሳስጠናቸው ነበር፤ "አባትህ ታመዋልና ቶሎ ና ይበሉት፣ ሌላው ይቆይ" እያልኩ። "ልጅ መሰልኩሽ እንዴ?" አሉኝ።

እጀታውን ሲይዙ ያ ሁሉ ጥናት በነነ። እንዴት ከረምክ፣ ጤናህ እንዴት ነው፣ ልጆቹስ፣ የመታሰቢያ እናትስ። አንተም እንደሳቸው ነህ፤ ጩኸትህ ለእኔም ይሰማ ነበር፣ ላሟን ሳይቀር ጠየቅክ። ክንዳቸውን ብጎትት ማን ሰምቶኝ። ይባስ ብሎ "አባባስ?" ስትል "ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አሉህ። ነጥቄ "ና" ስል የተፈቀደልን ሦስት ደቂቃ አልቆ መስመሩ ተቆርጧል። አንተስ ምን ልትል እንደደወልክ ይኸው እስከዛሬ አላወቅንም።

ስንመለስ ብቆጣቸው እሳቸው ባሱ። "ሰላም ሳልለው ክፉ ወሬ ላስቀድም? ደህና ናቸው ማለትስ ወግ ነው እንጂ ውሸት ነው ወይ?" አሉ።

እውነቱ ይህ ነው። አባታችን ከጥምቀት ወዲህ ጎናቸውን ይዟቸው ከአልጋ አልወረዱም። የጤና ጣቢያው ሐኪም ሳትውሉ ሳታድሩ ደሴ ሆስፒታል ውሰዷቸው ብሏል። እሳቸው ግን "ካሳዬ ይዞኝ ካልሄደ ከቤቴ አልወጣም" አሉ። ባሌ በላይ ለመነ፣ ነፍስ አባታችን ለመኑ፤ ወይ ፍንክች። ለአለቃህ የምታሳየው ከቀበሌ ያጻፍነው ወረቀት አብሮ አለልህ።

ሐሙስ ማታ እንደገባን "መታመሜን ሲሰማ ምን አለ?" ብለው ጠየቁኝ። እናታችን አቀረቀሩ። እኔ "ለሚካኤል እመጣለሁ ብሏል" አልኳቸው። ዋሸሁ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ለመንገዱ አቅም ላብጅ ብለው እህል መቅመስ ጀምረዋል፤ ጋቢያቸውንም አሳጥበዋል። ስለዚህ ደግመህ ቀጠሮ አትያዝ፣ አትደውል፤ ና። ፖስታውን ጠብቄ እንዳይዘገይ ይህን ለአሰብ ሾፌር ሰጥቼዋለሁ።

እናታችን ይስሙሃል። በላይና ልጄ ብዙነሽ ሰላም ብለውሃል። መታሰቢያንና ልጆቹን ሳምልኝ። አባታችንን ሰላምታዎን ልጻፍለት ስላቸው "ወረቀት ምን ያደርጋል፤ ለሚካኤል ሲመጣ በአፌ እጠይቀዋለሁ" ብለዋል።

እህትህ አስካለ
መርሳ፣ የካቲት 26 ቀን 1975 ዓ.ም.