በር የሚዘጋው ተጫዋች

ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ስልኬን ስለማታነሺ በጽሑፍ ልጠይቅሽ ብዬ ነው። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። የእናትሽ ቀኝ እጅ ግን፣ ከስትሮኩ ወዲህ እንደምታውቂው፣ ማንኪያ እንኳ አይጨብጥም ነበር። ሐኪሙ ያዘዘላትን የላስቲክ ኳስ ጠዋትና ማታ እንድትጨብጥ ፕሮግራም አውጥቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። በሳምንቱ ኳሱን ወረወረችው፤ ወታደርህ አይደለሁም አለችኝ።

ከዚያ ትተሽው የሄድሽውን የጌም ማሽን ከቁም ሳጥን አወጣች። ልክ በዜና ሰዓት ቴሌቪዥኑን ትይዝብኛለች። በዚህ ዕድሜሽ ልጅ ሆንሽ ወይ ብዬ ተቆጣሁ። ወይ ዝም ብለህ እይ፣ ወይ ጋዜጣህን አንብብ አለች። ጋዜጣዬን ይዤ ተቀመጥኩ። አንድ ገጽ ሳልገልጥ የመኝታ ሰዓት ደረሰ።

ልጄ፣ ያየሁትን እንዴት ብዬ ልንገርሽ። እናትሽ በኢንተርኔት ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር በረዶ የለበሰ ተራራ ትወጣለች። ጣቷ ስለሚዘገይ ትወድቃለች፤ ሌሎቹ ጥለዋት ይሄዳሉ። አንድ "ቀበሮ" የሚባል ተጫዋች ብቻ ተመልሶ ይጠብቃታል። ፊት ፊቷ እየሄደ ችቦ ይተክልላታል። አንድም ቀን አላቻኮላትም። ዕድሜ ልኬን ሰው ሳጣድፍ የኖርኩት ሰውዬ አፌን ከፍቼ ተመልካች ሆንኩ። ትናንት ጫፍ ደረሱ። እናትሽ መጫወቻውን አስቀምጣ እንባዋን ጠረገች፤ በዚያችው በቀኝ እጇ።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ተራራው ላይ ካሉት ማረፊያ ጎጆዎች ሲወጡ፣ ቀበሮ ወደ ኋላ ተመልሶ በሩን ይዘጋል። ጨዋታ ውስጥ ብርድ የለ፣ ሌባ የለ፤ ሌላ ማንም አይዘጋም። እኔ በዚህ ቤት "በር ዝጉ" እያልኩ ስጮህ ከአንድ ሰው በቀር የሰማኝ የለም። ይሄ ደግሞ ማነው ብዬ እናትሽን ጠየቅኳት።

"እኔ ምን አውቃለሁ? ጨቅጫቃ አባት ያሳደገው ይሆናላ" አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ያ ሰው ምናልባት ካጋጠመሽ፣ እናትሽ ዛሬ ሻይዋን ራሷ አማስላ ጠጣች በይልኝ። በዚህ በኩል ማለፍ ካማረው ደግሞ፣ የእኛ በር ከትናንት ጀምሮ አይዘጋም። ብርዱም ይግባ።

እጅሽን ከክፉ ይጠብቅልሽ፤ የሄድሽበት ሁሉ ይቅናሽ።

ጨቅጫቃው አባትሽ