በአባትህ ፒካፕ የዋሸሁት

አሰላሙ ዐለይኩም ልጄ ሀምዱ። አላህ በሰው አገር ከክፉ ይጠብቅህ፣ ያሰብከውን ያሳካልህ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እዚህ ሰፈራችን ሆጤ ዘንድሮ ብርዱ በርትቷል።

የአባትህን ፒካፕ እንዳልከኝ በየሳምንቱ አስነሳታለሁ። ባለፈው ወር ሞተሯ መንተፋተፍ ጀመረ። መካኒኩን ሁዘይፋን ከኮምቦልቻ አስጠራሁት። ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ገመዶቹን አንድ በአንድ እየነቀለ አዳመጠ። ሦስተኛውን ሲነቅል ድምፁ አልተለወጠም። "የማይሠራው ይኸኛው ነው" ብሎ ካንዴላውን ቀየረው፤ ተስተካከለች። እስከ ዐስር ሰላት ስንጫወት ቆየን። ሲሄድ ቤቱ ጭር አለብኝ።

በሳምንቱ ደውዬ "እንደገና ጀመራት" አልኩት። ውሸቴን ነበር፤ አላህ ይማረኝ። መጥቶ ገመዶቹን ሁሉ ሞከረና ቀና ብሎ አየኝ።

"እማማ ኡሙሰልማ፣ መኪናዋ ምንም የላት። እርስዎ ግን ምሳ በልተዋል?"

አፈርኩ። አብረን በላን። ሲወጣ "ከእንግዲህ ጁምዓ ጁምዓ እመጣለሁ፤ መኪናዋን አያሳምሟት" አለኝ።

ስትደውል "ቤቴ ሰው አይጠፋም" የምልህም እንደዚያው ውሸቴን ነው፣ ልጄ። ከቻልክ ዘንድሮ ዒድን ከእኔ ጋር አድርግ። አላህ መንገድህን ያቅናልህ፣ ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ።

እናትህ ኡሙሰልማ