የዘጠነኛው ፎቶ መልስ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ከሁሉ በፊት የወገብሽን ነገር ንገሪኝ። ያ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ልብስ የመተኮስ ሥራ አሁንም ያሳምምሻል ወይስ ወንበር ሰጡሽ? ባለቤትሽን ሳሉ ለቀቀው? ትንሹስ እንቅልፍ ይተኛል? እኛ ደህና ነን። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላው አካሌ ጤና ነው። የጉዞ ወረቀቷ እስኪያልቅ ብለሽ እኔ ዘንድ የተውሻት ልጅሽም ደህና ናት፤ ቁመቷ ትከሻዬን አልፏል።

ሰላምታዬን እዚህ ላይ አሳጥራለሁ፤ ተናድጃለሁና። የተቆጣ ሰው ደብዳቤውን አሳድሮ ይጻፍ እያልኩ ስንቱን ተማሪ ስመክር ኖሬያለሁ። እኔም ሁለት ቀን አሳደርኩ፤ አልበረደልኝም።

ትምህርት ቤቱ በኢሜይል ቅጽ ልኮልሻል። ልጅሽ ከስድስተኛ ክፍል ወጥታ ጓሮ ባለው ልዩ ክፍል እንድትማር ወላጅ ተስማምቷል የሚል ነው፤ እስከ አርብ ፈርሚ ይላል። አንቺም ትናንት በስልክ፣ እነሱ ባለሙያዎች ናቸው፣ የሚያደርጉትን ያውቃሉ አልሽኝ። እስቲ ምን እንደሚያውቁ ልንገርሽ።

እንደ ልጅሽ ኦቲዝም ያለበት ልጅ የሰው ፊት አይቶ ስሜቱን መለየት ይከብደዋል ይላሉ። ብዙዎቹን ይከብዳቸዋል፤ አንዱን በብዙ፣ አንዱን በጥቂት። አልክድም። የትምህርት ቤቱ አማካሪ ይህን ልለካ ብሎ ሃያ ፎቶ አዘጋጀ። በእያንዳንዱ ሥር አራት ምርጫ አለ፦ ደስታ፣ ሐዘን፣ ቁጣ፣ ፍርሃት። ልጅሽ ሰባት አገኘች። ከዚያ ተነስተው፣ የሰው ስሜት ስለማይገባት ከእኩዮቿ ጋር መማር አትችልም ብለው ጻፉ።

ሰኞ ጠዋት ሄጄ የመልስ ወረቀቷን አሳዩኝ አልኩ። ርዕሰ መምህሩ፣ አምስተኛ ክፍልን ሲደግም ሁለት ዓመት የታገስኩት የቀድሞ ተማሪዬ፣ ወረቀቱ ምስጢር መሆኑን አስረዳኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ፈተና ያረምኩ ሰው ነኝ፤ ያላየሁትን ውጤት አልቀበልም ብዬ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እስከ ሻይ ሰዓት ድረስ ተቀመጥኩ። አማካሪው ይዞልኝ መጣ።

ሰው ፍለጋ ላለመድከም ፎቶ ያነሱት የራሳቸውን ሠራተኞች ነው። ዘበኛው "ቁጣ" ሆኗል፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ "ፍርሃት" ሆናለች። ልጅሽ እነዚህን ሰዎች በየቀኑ ታያቸዋለች። በዘጠነኛው ፎቶ ላይ የቢሮ ጸሐፊዋ ቅንድቧን ሰብስባ ከንፈሯን ጥላለች። መልሱ ሐዘን ነው ተብሏል። ልጅሽ አራቱንም ምርጫ ትታ ከጎን፣ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፏ፣ "ሳቋን አፍና ይዛለች" ብላ ጽፋለች። በቀይ ተሰርዟል።

ጸሐፊዋን አስጠራኋትና ያን ዕለት ምን ተሰምቷት እንደነበር ጠየቅኳት። ርዕሰ መምህሩን አየች፣ ወለሉን አየች፣ ከዚያ አወጣችው። ዘበኛው ከካሜራው ጀርባ ሆኖ አለቃቸውን እያስመሰለ ያሾፍ ነበር፤ ሳቋ እንዳያመልጣት ጉንጯን ከውስጥ ነክሳ ነው ፎቶ የተነሳችው። አማካሪው ታዲያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"ቢሆንም፣ ጋሼ፣ እሱ ምርጫው ውስጥ የለም።"

ልጅቷ የሰው ፊት በትክክል አንብባ ወደቀች። የቀሩት አሥራ ሁለቱ ስህተት ናቸው፤ አልሸፋፍንላትም። እኔም ወረቀቱን ሞከርኩት፤ አሥራ አንድ አገኘሁ፤ ጓሮ ክፍል ግባ ያለኝ ግን የለም።

በራሴም ተናድጃለሁ። አምና ስገሥጻት ዓይኔን እዪ እያልኩ አገጯን ቀና አደርግ ነበር። አስተምርበት በነበረው ክፍልም ስንቱን ልጅ እንዲህ አድርጌያለሁ። አንድ ቀን፣ "አባባ፣ ዓይንህን ሳይ የምትለው ይጠፋብኛል" አለችኝ። ተውኩ። ከዚያ ወዲህ የማየውን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ሰውን የምትረዳው ከፊቱ ይልቅ ከእርምጃው፣ ከድምፁ፣ ከእጁ ነው። ትሳሳታለች፤ የጎረቤታችን፣ የልብስ ሰፊዋ፣ ቀልድ እውነት መስሏት ሁለት ጊዜ አልቅሳለች። ጊዜ ስትሰጫት ግን ትደርስበታለች።

ሰኞ ከዚያ ቢሮ ስመለስ እንዳይታወቅብኝ ፈገግ ብዬ ገባሁ። የቤት ሥራዋን እየሠራች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

"ተናደሃል" አለችኝ። "በሩን ቀስ አድርገህ ዘጋኸው።"

እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ይህን ጠባዬን እስክታውቅ ስድስት ዓመት ፈጅቶባታል። ልጅሽ ቀጥላ በእሷ ተናድጄ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ በፍጹም አልኳት። ከክፍሏ ያስወጧት እንደሆነም ጠየቀችኝ። ፊርማው ያለው አንቺ እጅ መሆኑን ነገርኳት።

አትፈርሚ። ከቅጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል "አልስማማም" የሚል አለ፤ እሱ ላይ ምልክት አድርገሽ ነገውኑ መልሺላቸው። ልብስ ሰፊዋ ይህን ደብዳቤ በስልኳ አንስታ ዛሬ ትልክልሻለች። አርብ ጠዋት ያንን ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ፤ ያንቺን ቃል ይዤ ልቀመጥ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ይህንንም አንብቢለት፤ እሱም አባት ነው። ለአማትሽ እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። ትንሹን ሁለቱንም ጉንጮቹን ሳሚልኝ። ልጅሽ ሰላምታዋን በሌላ ሰው ደብዳቤ መላክ አትወድም፤ ለብቻዋ እየጻፈችልሽ ነው። ለአርብ የሚሆን መልስ ከመጣ እንድነግራት ጠይቃኛለች፤ በየሰዓቱ።

አባትሽ
ከቤታችን፣ ከምግብ ጠረጴዛው ላይ
ረቡዕ፣ ኅዳር 12 ቀን