በአሥር ቀን ያልነጣ ጥርስ

ውድ ነኢማ፣

ይህን ደብዳቤ ኢብሮ በታክሲው መካ፣ ሚስፈላ ሰፈር ድረስ ያደርስልሻል። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ክርስቲያን በማይገባበት መካ ልከተልሽ አልችልም። እዚህ ጉለይል ካለው ክፍላችን ወጥተሽ እዚያ የገባሽውም ለዚሁ መሆኑን አውቃለሁ። ደግ አደረግሽ፤ ከእኔ ቢጤ መራቅ ነው።

እጮኛሽ «ከደረጃ ወድቄ ነው» ያልሽውን አላመነም አሉ። «የቱ ወንድ ነው የመታሽ?» እያለ ሰርጉን ሊያፈርስ ነው አሉ። ስለዚህ ልናገር።

የጥርስ ማንጫውን ጄል ስንገዛ ፋርማሲስቱ «በቀን ግማሽ ሰዓት፣ ለአሥር ቀን» ብሎን ነበር። ያንቺ የሻይ እድፍ በሳምንቱ ለቀቀ። ቅዝቃዜ ሁለት ቀን ነዘረሽና ተወሽ። የኔ ቡናማ እድፍ ግን ንቅንቅ አላለም። እልህ ያዘኝና ደብቄሽ ጄሉን ጥርሴ ላይ ቀብቼ አድር ጀመር። ድዴ ተላጠ፤ ነፋስ ሲነካኝ እንኳ ሕመሙ እስከ ጆሮዬ ይዘልቅ ነበር። ቅናት አጥንት ያነቅዛል ይባላል፤ ጥርስም አጥንት ነው።

በዚያ ጁምዓ በረዶ የሆነውን የውሃ ጠርሙስ ከፍሪጅ አውጥተሽ አፌ ላይ ለጠፍሽው። «ኸላስ ተይው ሶስና፣ ወላሂ ያንቺንስ በረኪናም አያነጣው!» ብለሽ ሳቅሽ። ለጨዋታ ነበር። ጠርሙሱን ነጥቄ አፍሽን መታሁሽ። አንዴ ብቻ ቢሆን ሕመሙ ነው ባልኩ። ወድቀሽ ደገምኩሽ። «ያ ረቢ፣ ሶስና፣ እህትሽ ነኝ!» እያልሽኝ ሠለስኩሽ።

አብራን የምትኖረው ሱአድ ስትደርስ ደም እየተፋሽ «ደረጃው ጥሎኝ ነው» አልሻት። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ስለሌለኝ ፖሊስ እንዳይወስደኝ ነው። ሐኪም ቤትም ያንኑ ደገምሽ።

ያገራችን ሰው ዶክተር ቀለመወርቅ በኋላ ጥርሴን አይቶ፣ «ይሄ የመተሐራ ውሃ ነው፤ ፍሎራይዱ በልጅነትሽ ጥርስሽ ውስጥ ገብቷል። ጄሉ ከማሳመም በቀር አይፈይድሽም» አለኝ። በከንቱ ነው የመታሁሽ።

የማታውቂው አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሱአድ ደግፋሽ ስትወጣ የፊት ጥርስሽን ስባሪ ከአልጋው ሥር አገኘሁት። ደምሽን ከመጥረጌ በፊት፣ አጥቤው፣ መስታወት ፊት ቆሜ ከጥርሴ ጎን አስጠግቼ አየሁት። ያምር ነበር።

ስባሪውን በወረቀት ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ። ደብዳቤውን ለእጮኛሽ አሳዪው። ኢቃማ የላትም ብለሽ አትዘኚልኝ፤ ፖሊስም ከመጣ እዚሁ ክፍሌ ነኝ፤ አልሸሽም።

የመታሽ ወንድ አይደለም።

ሶስና ነኝ