ጠዋት ዘጠኝ ሰዓት የለም

ጥር 4፣ ሰኞ
ዛሬ ለእማ የበረራውን ርቀት አነበብኩላት። እህቴ እታለም ካለችበት እስከ እኛ ስድስት ሺህ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር። ስምንት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ። "በእግሯ ብትመጣስ?" አለችኝ። የልጅ ልጇ ይደርስልሻል አልኳት። ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆነ... ሐኪሙ በር ላይ ጠርቶ፣ ሌላ ልጅ ካላት በዚህ ሳምንት ትድረስ ብሎኛል። ለእማ አልነገርኩም። ቀልደኛ ነኝ እንጂ አረመኔ አይደለሁም።

ጥር 5፣ ማክሰኞ
የእህቴን ትኬት እኔ ቆረጥኩ። ትኬት ቆራጩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ይፈልጋል። ዝም ብዬ መሳቢያውን ሁሉ አስፈተሽኩት። በኋላ "ሰዓቱን ላስረዳሽ?" ሲለኝ፣ ሰዓት ማንበብ ሁለተኛ ክፍል ነው የጨረስኩት አልኩት። ስድስተኛ ላይ ማቋረጤን እሱ ምን አገባው?
እታለም ፊደል አልቆጠረችም። እኔ እንድማር ብላ በልጅነቷ ሰው ቤት ገባች። እና በስልክ አነበብኩላት። ሐሙስ፣ 1፡30 ኤ ኤም። ኤ ኤም ጠዋት መሆኑን የማያውቅ አለ? "ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል" አልኳት። ሦስቴ አስደገምኳት፣ በቀቀን አደረግሽኝ አለች።
መድረሻው ደግሞ 9፡40 ኤ ኤም ይላል። ጠዋት ዘጠኝ ሰዓት አለ እንዴ? ማሽኑም እንደ እኔ ከስድስተኛ አቋርጧል። ብቻዬን ሳቅኩ። ከሰዓት ትደርሳለች ማለት ነው።

ጥር 6፣ ረቡዕ
እማን አጠብኳት። እንደ ባዶ ዘንቢል ቀልላለች። ነገ አልኳት።

ጥር 7፣ ሐሙስ
ገና ሳይነጋ ደወለች፣ ከአውሮፕላን ጣቢያው። እያለቀሰች። አውሮፕላኑ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሄዷል።
ሰባት ተኩል... የእነሱ አንድ ተኩል። የስድስት ሰዓት ልዩነት። ያ ጠዋት ዘጠኝ ሰዓትም አለ ለካ።
"ይሄ ደንቆሮ ጭንቅላቴ፣ ሰዓቱን አምታታሁት" ትላለች። እኔስ? ሌላ በረራ ጠይቂ አልኳት።
ሌላ በረራ ያለው እሑድ ነው። ለእማ አውሮፕላኑ ተበላሽቶ ነው አልኳት። ዛሬ እንኳ አትቀልጂብኝ አለች።

ጥር 9፣ ቅዳሜ
እማ ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አረፈች።
እታለም የት ደረሰች ብላኝ ነበር። "ደመና ላይ ናት፣ መጣች" አልኳት። ይህንንም አመነችኝ።

ጥር 12፣ ማክሰኞ
እታለም እሑድ ደረሰች፣ ከቀብር በኋላ። ለመጣ ለሄደው ሁሉ "ሰዓት አምታትቼ ነው" ትላለች። ሰዉም፣ ምን ታድርግ፣ አልተማረች ይላል። ሁለት ቀን ይህን ሰማሁ።
ዛሬ ዕቃ ስታጥብ አጠገቧ ቆምኩ። "አንቺ አላምታታሽም። እኔ ነኝ አሳስቼ ያነበብኩልሽ።"
"ልታጽናኚኝ ነው?"
አይደለም አልኳት። ኤ ኤሙን፣ ዘጠኝ ሰዓቱን፣ ሳቄን፣ ሁሉንም ነገርኳት። እጇ ውኃው ውስጥ ቀረ።
"ሰውየውን አልጠየቅሽውም?"
"ላስረዳሽ ብሎኝ ነበር።"
ሳህኑን ማጠብ ቀጠለች። ብትመታኝ ደስ ባለኝ። በዚያው ጎረቤታችን ለለቅሶ ገባች። ተቀምጣ፣ ምነው ልጄ፣ እንዴት አመለጠሽ አለቻት።
እታለም እጇን በቀሚሷ አደረቀች። ወደ እኔ አላየችም።
"ሰዓት አምታትቼ ነው" አለች።